ሰባት የብረት ፊቶች

«ወደ ግራ! ግራህን ከቀኝህ አትለይም እንዴ?»

የብርቄ አባት ከታች ሆኖ ይጮሃል። ወንድሟ መሰላሉ ላይ ቆሞ የመጨረሻውን ሥዕል እንዳቀፈ ክንዶቹ ይንቀጠቀጣሉ። ሥዕሉ በወረቀት ወይም በሸራ ላይ የተሠራ አይደለም፤ ብረት ላይ የታተመ ነው። ይከብዳል፤ ጠርዙም እጅ ይቆርጣል። ብርቄ ሶፋው ላይ እግሯን አጥፋ ተቀምጣ ታያለች። ብርቄ ብሎ የሚጠራት አባቷ ነው። ወንድሟን ግን «አንተ» ከማለት አልፎ አያውቅም።

አባትየው የቤት ዕቃ ነጋዴ ነው። ደንበኞቹን ቤቱ ሊጋብዝ ስላሰበ ሳሎኑን እንደ አዲስ አሳምሮታል። የሠርጉ ፎቶ፣ ልጆቹ የፊት ጥርሳቸው ወልቆ የተነሡት ፎቶ፣ ሁሉም ወርዶ አልጋ ሥር ገባ። በምትኩ የታሪክ ሰዎች ተሰቀሉ፦ ዘውድ የደፋ ንጉሥ፣ አንገተ ረጅም ንግሥት፣ ሁለት የጦር አለቆች፣ መርከበኛ፣ የሒሳብ ሊቅ፣ ሐኪም። ብረቱ ስለሚያብለጨልጭ ከሰባቱም ዓይን ማምለጫ የለም።

«እነዚህ በአንተ ዕድሜ አገር መርተዋል» አለ አባቷ። «አንተ አንድ ሚስማር መምራት አቃተህ። ስምንተኛ ክፍልን የደገመ ሰው!»

ያኔ ብርቄን አፏን በላት።

«አባዬ፣ ሰባቱ ሥዕሎቹ ናቸው። መሰላሉ ላይ ያለው ደግሞ ስምንተኛው ሺ!»

አባቷ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ስምንተኛው ሺ! እውነትሽን ነው፣ ዓለም የሚያልቀው በዚህ ልጅ ነው!» እንባውን እየጠረገ ግንባሯን ሳማት።

ወንድሟ ሥዕሉን ሰቅሎ ወረደ። አውራ ጣቱ ይደማ ነበር። «አሪፍ ቀልድ ነው» አላት። እሱ ግን አልሳቀም።

በማግሥቱ ብርቄ ስሙን አብራት ለምትቀመጠው ጓደኛዋ ነገረቻት፤ «ለማንም እንዳትናገሪ» ብላ። እንዲህ የተባለ ወሬ መቼ ከአንድ ሰው ጋር ውሎ ያውቃል? ከእረፍት በፊት ክፍሉ በሙሉ ሰማ። ወንድሟ ክፍል ስለደገመ፣ እሷም ስለደረሰችበት፣ ዘንድሮ የሚማሩት አንድ ክፍል ውስጥ ነው። አስተማሪዋ ስም ስትጠራ ተራው እሱ ጋ ሲደርስ ከኋላ አንዱ ጮኸ።

«ስምንተኛው ሺ ደርሷል!»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። አስተማሪዋ ራሷ ፈገግታዋን በመጽሐፍ ሸፈነች። ወንድሟ ብድግ ብሎ «አቤት» አለ።

ከዚያ በኋላ ሙድ የማይዝበት ጠፋ። ኳስ ሜዳ ላይ «እሱ ከገባ ዓለም ያልቃል» እያሉ አያስገቡትም። ስሙን ያወጣው ማን እንደሆነ ለመጠየቅ አልደከመም፤ ከየት እንደወጣ ያውቀዋል። ለአባቱም ሆነ ለእናቱ አንድም ቃል አልተነፈሰም። ብቻ ከትምህርት ቤት ሲወጣ በር ላይ እህቱን መጠበቁን ተወ። «ቀልድ እኮ ነው» ትላለች ብርቄ ለራሷ፣ ብቻዋን ወደ ቤት ስትሄድ።

እሑድ እንግዶቹ መጡ። አባቷ ብርጭቆውን ይዞ ከሥዕል ወደ ሥዕል አዞራቸው። እነሱም «ግሩም ነው!» እያሉ ብረቱን በጣታቸው ቆረቆሩት። ከዚያ አባቷ ወንድሟን ጠራው።

«ና፣ እነማን እንደሆኑ አስረዳቸው።»

ንጉሡንና ንግሥቲቱን በትክክል ተናገረ። ቀጥሎ አንዱን የጦር አለቃ ሐኪም አደረገው።

«እንግዲህ በሽተኛውን በጎራዴ ሊያክም ነው!» አለ አባቷ። ሳሎኑ በሳቅ ሞላ። «በል ከሥራቸው ቁም፣ ታላላቆቹና ታናሹ አንድ ላይ ይታዩ።»

አንዱ እንግዳ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አነሣው። እናቷ ሳህን ይዛ እየገባች «ኧረ ተው፣ በሰው ፊት» አለች በለሆሳስ። የሰማት የለም፤ ወይም የሰማት መስሎ መታየት የፈለገ አልነበረም።

«ገና ነው!» አለ አባቷ። «ብርቄ፣ ነይ እስቲ። ያወጣሽለትን ስም ንገሪያቸው። ስሙልኝ፣ የልጄን ጭንቅላት!»

ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ። ብርቄ ፈገግታዋ ቀድሟት ፊቷ ላይ ሲወጣ ተሰማት። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ወንድሟን አየችው። ወለሉን እያየ፣ ክፍል ውስጥ እንዳደረገው «አቤት» ለማለት ከንፈሩን አዘጋጅቷል።

«ጠፋብኝ» አለች።

«ምን?»

«ስሙ ጠፋብኝ፣ አባዬ።»

«አንደኛ የምትወጣው ልጅ አንድ ስም ጠፋባት!» ሊስቅ ሞከረ፤ እንግዶቹ ግን ወደ ብርጭቋቸው አጎነበሱ። አባቷ ፊቱ ጠቆረ። ለወንድሟ ብቻ የሚያወጣውን ድምፅ አወጣ። «እንግዲያው ከጎኑ ቁሚ። ሲመጣልሽ ትነግሪናለሽ።»

ሄዳ ቆመች። ምግብ ቀረበ፤ ወሬው ስለ መኪናና ስለ ቦታ ሆነ። ሽታው ሲመጣባት ሆዷ ጮኸ። ወንድሟ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ አንሾካሾከ።

«ሂጂ ንገሪያቸውና ብዪ። ትምህርት ቤቱ በሙሉ አውቆታል፤ እነዚህ ቢቀሩ ምን ሊጠቅመኝ?»

«ይቅርታ...»

«ባክሽ ተይኝ።» ትከሻቸው እንዳይነካካ አንድ እርምጃ ፈቀቅ አለ።

ፍራፍሬው ሲዞር አባቷ ብርቱካን እየላጠ ወደ እነሱ መጣ። አንድ ፍንካች አፍንጫዋ ሥር አስጠጋላት።

«እህሳ የኔ ብርቅ፣ መጣልሽ?»

ወንድሟ አላያትም። ጓደኛዋ ይህን ብትሰማ ነገ ምን እንደምትላት፣ ከነገ ጀምሮ አባቷ ማን ብሎ እንደሚጠራት አሰበች።

«አልመጣልኝም» አለች።

አባቷ ብርቱካኑን ራሱ በላውና ጀርባውን ሰጣት።