አቶ ዳልጋ ያላሉት ቃል

በአባያ ሐይቅ ላይ በተሠራው ተንሳፋፊ ሰፈር የተጣሉ ባልና ሚስት ሲታረቁ በሁለት ክፍል ይቀመጣሉ፤ በመካከላቸው አለዛቢው ይሠራል። አለዛቢ የአንዱን ንግግር ሰምቶ፣ ሻካራውን አለስልሶ፣ በራሱ በተናጋሪው ድምፅ ለሌላው ጆሮ የሚያደርስ መሣሪያ ነው። ድሮ ሽማግሌዎች በሁለት ቤት እየተመላለሱ ይሠሩት የነበረውን ይሠራል።

ሻንቆ የቤተሰብ ድጋፍ ትምህርቱን ለመጨረስ የቀረው አንድ የተግባር ፈተና ነበር፤ ወይዘሮ አስካለንና ባላቸውን አቶ ዳልጋን ማስታረቅ። አቶ ዳልጋ ሲቆጡ ዕቃ ይሰብራሉ። ወይዘሮ አስካለ በዚህ ተማርረው ክፍል ተከራይተው ለብቻቸው ይኖሩ ነበር።

ያለ ተናጋሪው ፈቃድ ከተወሰነ ልክ በላይ ማለስለስ ክልክል ነው። ሻንቆ ይህን ያውቃል። ነገር ግን በመጀመሪያው ቀን አቶ ዳልጋ «ከፈለገች ትምጣ፤ ካልፈለገች ትቅር» ሲሉ፣ ፈተናውን የሚወድቅ መስሎት የመሣሪያውን ማለስለሻ እስከ መጨረሻው ከፍ አደረገው። በወይዘሮ አስካለ ጆሮ የገባው «አጥፍቻለሁ፤ ይቅር በይኝና ነይልኝ» የሚል ነበር። ሴትዮዋ አለቀሱ። በማግስቱ የኪራይ ክፍላቸውን ቁልፍ አስረክበው፣ ሻንጣቸውን ይዘው ወደ ዕርቁ መጡ።

ሻንቆ ከወይዘሮ አስካለ ክፍል ሆኖ ይህንኑ በመሣሪያው ለባልየው እየነገራቸው ሳለ አለዛቢው በሙቀት ጠፋ። የአቶ ዳልጋ ድምፅ እንዳለ አለፈ።

«ሻንጣዋን? እኔ መች ጠራኋት?»

ወይዘሮ አስካለ ወደ ሻንቆ ዞሩ። «ትናንት ልቡ ተመልሶ ነበር እኮ። ዛሬ ምን አስቀየምኩት፣ ልጄ?»

ፈተናውን ልታይ በዚያ ቀን የመጣችው፣ ውጤት የምትሰጠው መምህርት፣ ጥፋቱ የመሣሪያው ነው ብላ ልታሳልፈው ተዘጋጅታለች። ዝም ቢል ማንም አያውቅበትም። ሴትዮዋ ጥፋቱን በራሳቸው ላይ ሲፈልጉ ማየት ግን አልቻለም። አንገቱን ደፍቶ ደንቡን፣ ልኩን፣ እሱ ያደረገውን አንድ በአንድ አስረዳቸው።

«ሽማግሌም ቃል ያለሰልሳል» አሉ ወይዘሮ አስካለ ቀስ ብለው። «ግን ነገ ባሌ ዕቃ ቢወረውርብኝ፣ ሽማግሌውን ቤቱ ሄጄ እወቅሰዋለሁ። አንተን የት አገኝሃለሁ?»

ሻንጣቸውን አንሥተው ወጡ።

አቶ ዳልጋ ከወዲያኛው ክፍል መጥተው «ምን ብዬ ነው የመጣችው?» አሉ። ሻንቆ የትናንቱን ቅጂ በስልኩ አሰማቸው። የገዛ ድምፃቸው ይቅርታ ሲለምን ቆመው አዳመጡ። ድገመው አሉት፤ ደገመው።

«ቃሉን ከየት አመጣው?»

«ከሰው ነው። ከዚህ በፊት ሚስቶቻቸውን ይቅርታ ከጠየቁ ባሎች ተምሮ ነው።»

አቶ ዳልጋ መሬት መሬቱን አዩ። «እኔ አንድም ቀን ብያት አላውቅም። ከምን እንደሚጀመርም አላውቅ። አንተ አሁን ይቅርታ ስትጠይቃት እንዴት አልካት?»

ሻንቆ ስለ መሣሪያው፣ ስለ ልኩ፣ ስለ ደንቡ የነገራቸውን ሁሉ አስታወሰ። ያቺ ቃል በመካከሉ አልነበረችም።

ወደ ወደቡ ሮጠ። ጀልባዋ ተነሥታ ርቃለች፤ ወይዘሮ አስካለ ሻንጣቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀምጠዋል።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ ሻንቆ።

ዳር ላይ መረብ የሚያጥቡ ሰዎች ብቻ ቀና ብለው አዩት።