ጀርባዋን ለድልድዩ የሰጠች ሴት

ሟቿ በጀልባዋ ፊተኛ ጫፍ ላይ በግንባሯ ተደፍታ ነበር። ሰፊ ባርኔጣዋ ቀኝ እጇ ውስጥ ተጨማዶ ቀርቷል፤ አዲስ ስለሆነ የሱቁ ምልክት እንኳ ገና አልተቀነጠሰለትም። ዕድሜዋን ሙሉ በአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሠርታ ጡረታ የወጣች፣ ባል ያላገባች፣ እናቷን አስታማ የቀበረች ሴት ናት። ይህን ጥንታዊ ከተማ በመጽሐፍ ስታየው ኖራ፣ በዓይኗ ልታየው ብቻዋን መጣች። ከተማውም በድንጋይ ድልድዩ ተቀበላት።

«ድልድዩ መታት፤ በቃ» አለ ቀድሞ የደረሰው ፖሊስ። «ሽማግሌው ባለጀልባ ፍጥነቱን በጊዜ አልቀነሰም። ራሱም አምኗል።»

ባለጀልባው በካቴና ታስሮ ወደቡ ደረጃ ላይ ተቀምጧል። ሰባውን አልፏል። እስር ቤት ከገባ በእግሩ እንደማይወጣ እሱም ፖሊሱም ያውቃሉ፤ አለቆች ግን ጎብኚ እንዳይሸሽ ፋይሉ ቶሎ እንዲዘጋ ፈልገዋል።

«ካመነ ምን አስቸኮለህ?» አለች መርማሪዋ። «ያመነ ሰው አይሸሽም።»

ባልደረቦቿ ጉጠት ይሏታል። የያዘችውን ሳትነቅል አትለቅም፤ የሚነቀለው ሚስማር ይሁን ጥርስ ግድ የላትም። ጉልበቷ እያመማት ሬሳው አጠገብ ተንበረከከች። ቁስሉ ከማጅራቷ ከፍ ብሎ ነው፤ ግንባሯ ላይ ያለው ስትወድቅ የተጫረው ብቻ ነው። ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ ሴትየዋ ግን ባርኔጣዋን አውልቃለች። ስልኳ ከእጇ የለም። በጀልባዋ መካከል ባለው የሸራ ጥላ ሥር፣ መቀመጫዋ ላይ ባለው ቦርሳዋ ውስጥ ዚፑ ተዘግቶበት ተገኘ።

በቲኬት መሸጫው ክፍል መጀመሪያ የገቡት ሌሎቹ ተሳፋሪዎች ናቸው፤ የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴ ከነሚስቱ።

«ቀሪው ጉብኝት ይካካስልናል?» አለች ሚስትየው ገና ሳትቀመጥ። «የነገሥታቱን መቃብር እኮ ሳናይ ተመለስን።»

«መቃብር ናፍቆዎት ከሆነ አንድ አዲስ ሊቆፈር ነው» አለች ጉጠት። «ሟቿ ምን ዓይነት ሰው ነበረች?»

ነጋዴው ሳቁ መጣበት። «የፎቶ ለማኝ! ብቻዋን ስለሆነች በየደረስንበት ‹እባካችሁ አንሡኝ› ነው። ደግሞ አዋቂ ናት። አስጎብኚዋ ‹ይህን ግንብ ንጉሡ ለሚወዳት ሴት አሠራላት› ስትል፣ እንደ ተማሪ እጇን አውጥታ ‹ይቅርታ፣ የእህል ጎተራ ነበር› አትልም! በሳቅ ፈረስን። ባለጀልባው ሳይቀር ተንፈቀፈቀ። ከዚያ በኋላማ አስጎብኚዋ አንድ ነገር በተናገረች ቁጥር ‹እስኪ እውነቱን ንገሪን› እያልኩ ሴትየዋን እነካካት ነበር።»

«አስጎብኚዋስ?»

«ምን ታድርግ? ሳቀች። በጥርሷ።»

«ድልድዩ ጋ ስትደርሱ የት ነበራችሁ?»

«ሸራው ሥር» አለች ሚስትየው። «ፀሐዩ ከፊት ለፊት ስለመጣብን አስጎብኚዋ የፊተኛውን መጋረጃ ለቀቀችልን። ጥሩ ልጅ ናት። እሷ ከኋላችን ነበረች።»

«ዞር ብለው አይተዋት ነበር?»

«ሰማናት እንጂ። በጆሮ ማዳመጫው ‹ጎንበስ በሉ› አለችን። ነፋስ ገብቶበት ሹሹሹ ይል ነበር፤ ዕቃቸው ሁሉ አሮጌ ነው። ወዲያው ጓ የሚል ነገር ሰማን።»

ቀጥላ አስጎብኚዋ ገባች። የባለጀልባው የወንድም ልጅ ናት። ደንብ ልብሷ ተተኩሶ ቀጥ ብሏል፤ ትንሿ ማይክ እንደ ጌጥ ኮሌታዋ ላይ ተሰክታለች።

«አጎቴ ዓይኑ ደክሟል» አለች አንገቷን ደፍታ። «አንድ ቀን ይህ እንደሚመጣ ፈርቼ ነበር።»

«ጠዋት ግን ሴትየዋ በዚያው ድልድይ ሥር ቆማ አልፋለች አሉ።»

«ጠዋት ውሃው ዝቅ ይላል። ወደ ቀትር የታችኛው ግድብ በር ሲዘጋ ይሞላል። ስንመለስ የተቀመጠ ሰው እንኳ ጎንበስ ካላለ አያልፍም።»

«ሟቿ ይህን ታውቅ ነበር?»

«ከየት ታውቃለች? መጽሐፍ ላይ የለም!»

ቃሉ ከአፏ ቸኩሎ ወጣ። ጉጠት አመስግና ሸኘቻት።

ሽማግሌውን ያነጋገረችው እዚያው ደረጃው ላይ፣ ጎኑ ተቀምጣ ነው።

«ጥፋቱ የኔ ነው ልጄ። ጻፊውና ልፈርም።»

«ሲመታት አይተዋል አባቴ?»

«አላየሁም። ፀሐይ ዓይኔ ውስጥ ገባ።»

«መሪውን የሚይዙት ቆመው ነው?»

«ቆሜ ነዋ። ካልቆምኩ በሸራው ላይ አሻግሬ የት አያለሁ? ልክ ልንገባ ስንል ነው የምቀመጠው።»

ጉጠት ወርዳ የጀልባዋን ሁለት ጎን በመዳፏ እየዳበሰች ሄደች። የድልድዩ ቅስት ጠባብ ነው፤ ጀልባዋ ግን አንድ አዲስ ጭረት አልነበረባትም።

ከዚያ ወደ ሬሳ ማቆያ ክፍል ሄደች። የሟቿ ስልክ የሚከፈተው በጣት ነው። የቀዘቀዘውን አመልካች ጣት ይዛ ስልኩ ላይ ስትጫነው አብሯት የነበረው ፖሊስ ፊቱን አዞረ። መጨረሻ የተነሣችው ፎቶ ወጣች፤ ሴትየዋ ባርኔጣዋን በእጇ ይዛ፣ ፀጉሯን አስተካክላ፣ ልጅ እስክትመስል ትስቃለች። ድልድዩ ከኋላዋ ሰማዩን ሊሸፍን ምንም አልቀረውም።

በማግስቱ ጠዋት ጉጠት ሁሉንም እዚያችው ጀልባ ላይ ሰበሰበቻቸው። ባልና ሚስቱ ቦታቸው ላይ ተቀመጡ፤ አስጎብኚዋ እጇን አጣምራ ቆመች፤ ሽማግሌው ከነካቴናው መሪው አጠገብ ነው።

«ሟቿ የተመታችው ከኋላዋ ነው» ብላ ጀመረች። «ይህን ድልድይ ለማየት ዕድሜዋን ሙሉ የጠበቀች ሴት ለምን ጀርባዋን ትሰጠዋለች? በዚያ ፀሐይስ ለምን ባርኔጣዋን ታወልቃለች? ፎቶ የሚያነሣት ሰው ስላለ ነው። ስልኩ በራሷ እጅ ቢሆን ኖሮ ስትመታ ወለሉ ላይ ወይ ውሃው ውስጥ ይወድቅ ነበር። ቦርሳ ገብቶ ዚፕ አይዘጋም። ግርግር ለሌባ ይመቻል፤ ሁሉም ሲጮህ አንድ ሰው መለሰው። ፎቶውን ሊያጠፋ ቢፈልግም ስልኩ ተቆልፎበታል።»

«እኛን ነው እንዴ?» አለ ነጋዴው፤ ሳቁ ዛሬ አልመጣለትም።

«እናንተማ ውሃው እንደሚሞላ አታውቁም። ጠዋት ቆማችሁ ያለፋችሁበት ድልድይ ከቀትር በኋላ ሰው እንደሚገድል የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ናቸው። ፎቶዋን እዩዋት፤ ካሜራው ከታች ወደ ላይ ነው የሚያየው። ያነሣው ሰው አስቀድሞ ወለሉ ላይ ተኝቷል። ባለጀልባው ደግሞ እጁ መሪው ላይ፣ ኋላ ነው።»

ሚስትየው ቀስ ብላ ወደ አስጎብኚዋ ዞረች።

«ከኋላቸው ነበርኩ» አለች አስጎብኚዋ። «ድምፄን ሰምተዋል።»

«ድምፅሽ ኮሌታሽ ላይ ነው፤ የሄድሽበት ይሄዳል። የእሷን ማዳመጫ ለፎቶው አስወልቀሽ፣ ‹ጎንበስ በሉ›ን ወደ ማይኩ ብቻ አንሾካሾክሽ። በጠርዙ በኩል ወደ ፊት ዞርሽ። ሸራው ሥር ነፋስ የለም፤ ጆሯቸው ውስጥ የገባው ነፋስ ከጀልባዋ ጫፍ የመጣ ነው። እኔን የገረመኝ ግን መጋረጃው ነው። የከተማው ትልቁ ድልድይ ሊታይ ሲል መጋረጃ የሚዘጋ አስጎብኚ የት አገር አለ? ያቺ ሴት ቀኑን ሙሉ ፎቶ ስትለምን ኖረች፤ በመጨረሻ አንቺ በፈቃድሽ ላንሣሽ አልሻት። በእርማቷ ቀኑን ሙሉ አሳቀችብሽ፤ አንቺም እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ወሰድሻት።»

አስጎብኚዋ ከንፈሯን ጠመም አድርጋ ጉጠትን ትክ ብላ አየቻት።

«ነፋስና መጋረጃ! ፍርድ ቤት ይዘሽ የምትቀርቢው ይህንን ነው? ፎቶዋ ላይ ስሜ ተጽፏል?»

«አልተጻፈም።»

«ታዲያ ምን ያደክምሻል? አጥፊው ራሱ አምኗል። አስፈርሙትና ጨርሱ። ደግሞስ ከዚህ ወዲያ ምን ዕድሜ ቀርቶታል?»

ጉጠት ልጅቷን አላየቻትም፤ ስትናገር ጀምሮ የምታየው ሽማግሌውን ነበር። ማስረጃዋ ሳሳ ያለ መሆኑን ከማንም በላይ ታውቃለች። ሁሉንም የሰበሰበችው ይህን አንድ ቃል በጆሮው እንዲሰማ ነው። ጭካኔ መሆኑ አልጠፋትም፤ ግን ሌላ ምስክር የላትም።

«አባቴ፣ ፀሐይ ያሳወረው ሰው በዚያ ጠባብ ቅስት ጀልባውን ሳያስነካ አያሳልፍም» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «አይተዋል።»

ሽማግሌው ጉሮሮውን ጠረገ።

«አይቻለሁ። ወለሉ ላይ ተኝታ በእጇ ምልክት ‹ቀና በይ፣ አሁንም ቀና በይ፣ ሳቂ› ትላት ነበር። ልታስቀምጣት ነው ብዬ ጠበቅኩ። እጄ ከዳኝ፤ ሞተሩን ባጠፋውም ጀልባ በአንዴ አይቆምም። ከመታት በኋላ ልጄ ተነሥታ ቀሚሷን አራገፈች።»

«ጋሼ!» ብላ ጮኸች አስጎብኚዋ።

«ታዲያ ለምን በራስዎ ላይ መሰከሩ?» አለች ጉጠት።

«ወንድሜ ሲሞት በአንቀልባ ነው የተረከብኳት። እኔ ያረጀሁ ሰው ነኝ፤ ብታሰርም የሚቀርብኝ ነገር የለም አልኩ። ቢያንስ እሷ ታለቅስልኛለች ብዬ ነው።»

ፖሊሱ የያዘው ካቴና አንድ ብቻ ስለነበር ከሽማግሌው እጅ ፈትቶ ለልጅቷ አጠለቀላት። ሽማግሌው ነፃ በወጣው እጁ ፊቱን ሸፍኖ ተንሰቀሰቀ። እሷ በአጠገቡ ስታልፍ ዓይኗ ደረቅ ነበር።