ጠበሉ ላይ የተጠራ ስም

«ይቺ ባና ስንት ትላለች?»

«ለብርድ ከሆነ ውድ ናት። ለሬሳ ከሆነ ርካሽ።»

የይለፍ ቃሉ ይኸው ነበር። ይስማው ወፍራሙን የሱፍ ባና ከምህረቱ እጅ ተቀብሎ እንደ ነጋዴ ፈተገው፤ ጠርዙን በአውራ ጣቱ ዳበሰ። ጥፍር የምታህል ሚሞሪ ካርድ ከስፌቱ ውስጥ ቆረቆረችው።

የደብረ ብርሃን ገበያ ገና ከጠዋቱ ጉም አልተላቀቀም። ምህረቱ የአጣሪ ኮሚቴው መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው፤ በስለላው ሥራ የምስጢር ስሙ «ግምጃ» ነው። ለተፈናቃዮች የመጣው ስንዴ የት እንደገባ ሲያጣራ የከረመው ኮሚቴ ምስክሮቹን በድምፅ ከቀረጸ በኋላ፣ «ጉዳዩ ለሕዝብ አይገለጽም» ተብሎ ቅጂው ካዝና ውስጥ ተቆልፎበታል። ካዝናውን የከፈተው ምህረቱ ነው።

«ዞር ብለህ እንዳታይ» አለ ምህረቱ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ። «ቡናማ ጃኬት።»

ይስማው አላየም።

ባናውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ መንገዱን ቀጠለ። እውነተኛ ስሙ ይስማው አልነበረም፤ ሥራውም ሱፍ ንግድ አልነበረም። ሱፍ ሲገዛና ሲሸጥ ከመክረሙ የተነሳ ግን ልብሱ በግ በግ ይሸት ነበር፤ በጎቹ ራሳቸው እንኳን ጠርጥረውት አያውቁም። ወደ ግራ ታጠፈ። ቡናማው ጃኬትም ታጠፈ። ሱቅ ደጃፍ ቆመ። ጃኬቱም ቆመ።

ከፊት ለፊቱ ዋይታ ሰማ። አንድ ግቢ በር ላይ ድንኳን ተጥሏል። ይስማው ባናውን ከአናቱ ተከናንቦ «ወይኔ ወንድሜን! ወይኔ ወንድሜን!» እያለ ገባ።

ለቅሶ ቤት ማንም ማንን «አንተ ማነህ?» አይልም። ተጠጋግተው ቦታ ለቀቁለት፤ አንዲት ሴት ንፍሮ ዘገነችለት። ቡናማ ጃኬት በሩ ላይ ቆመ። ከድንኳን ውስጥ አልቃሽ ጎትቶ የሚያወጣ ደፋር ግን ገና አልተወለደም። ይስማው ስፌቱን በጥርሱ በጥሶ ካርዷን ከምላሱ ሥር ከተታት። ከዚያ የሟቹን ስም እንኳን ሳያውቅ እንባው በእውነት መጣ። እናቱን ከቀበረ ወዲህ አልቅሶ አያውቅም ነበር።

ለቀስተኞቹ ሲበተኑ ይስማው ከመሃላቸው ሆኖ አመለጠ። ማታ ሸዋወርቅ ካርዷን ላፕቶፗ ላይ ሰካች። ለአገሬው ብርድ ልብስ ቸርቻሪ ናት፤ ለይስማው ግን «ዋርካ» ናት፣ ወደዚህ ሥራ ያስገባችው አለቃው። እንደ ታላቅ እኅት ነው የሚያያት።

«እኔ ወለተ ጊዮርጊስ፣ ያየሁትን እንጂ የሰማሁትን ላልናገር ፈጣሪዬን ምስክር አድርጌ እምላለሁ» አለ የሴት ድምፅ። «መጋዘኑ ውስጥ ስንዴ ከምናበጥረው ሴቶች አንዷ ነኝ። ስንዴው የኛ ነው፣ የተፈናቃዮቹ። በጓሮ በር እየወጣ ይሸጣል። የሚያስጭነው ኃላፊው ነው፣ ጌታሁን ራሱ።»

ድምፁ የታንጉ ነበር። ከምዕራብ ተፈናቅላ መጠለያው ውስጥ የምትኖር፣ አንድ ልጇን እዚሁ የቀበረች እናት። እንድትመሰክር ያግባባት ይስማው ነው፤ «ማንነትሽ አይወጣም» ብሎ የማለላትም እሱ ነው። ከሷ ቀድሞ የመሰከረው የመጋዘኑ ዘበኛ ገደል ሥር ሞቶ ተገኝቷል።

«ይህን ሕዝቡ መስማት አለበት» አለች ሸዋወርቅ። «በሱ ስም የመጣ እህል ነው። የት እንደገባ ማወቅ መብቱ ነው።»

«እሷም አለመታወቅ መብቷ ነው።»

«ምስክር የሌለውን ወሬ ማን ያምናል? አሉባልታ ነው ብለው በማግሥቱ ያዳፍኑታል። እነዚያ ሕፃናት በዚህ ብርድ ላይ ረኃብ ተጨምሮባቸዋል እኮ፣ ይስማው!»

እውነቷን ነበር። የከበደውም ይኸው እውነት ነው።

ድምፁ በማሽን እንዲለወጥ፣ ታንጉ የሚለውም ስም ከየቦታው ተቆርጦ እንዲወጣ ተስማሙ። ቆራጩ ይስማው ነበር። መሐላው ጋ ሲደርስ እጁ ቆም አለ። የምትምልበት ስም ስመ ክርስትናዋ ነው። ይቆረጥ?

ተወው። የሱን ስመ ክርስትና የሚያውቁት እናቱና ያጠመቁት ቄስ ብቻ ነበሩ፤ ሁለቱም አፈር ሆነዋል። ያን ሁሉ የሐሰት ስም ሲለዋውጥ ለአለቆቹ እንኳን ያልሰጠው አንድ ስም እሱ ነው። በዓለም ላይ ከዚህ የበለጠ የተደበቀ ስም ያለ አይመስለውም ነበር። መሐላው ደግሞ ያን በማሽን የተለወጠ ድምፅ የሰው ቃል ያደርገዋል።

«መጀመሪያ ታንጉን ከመጠለያው ላውጣት። እስከዚያ እንዳትለቂው።»

«አንተ ሳትደውል ማንም አይሰማውም» አለች ሸዋወርቅ።

ታንጉ ግን መጠለያው ውስጥ አልነበረችም። ወገቧን አሟት እንደ ልማዷ አንኮበር ጠበል እንደሄደች ጎረቤቷ ነገረችው፤ ጀሪካኗን ውኃ ወረፋ ላይ ትታ ነው የሄደችው፣ ቶሎ ልትመለስ። ይስማው በማግሥቱ ጠዋት ደረሰ። ጉሙ ከገደሉ ሥር እየተጎተተ ይወጣል፤ በሽተኞቹ በባዶ እግራቸው ተሰልፈዋል።

አጥማቂው አባ ገብረአብ ጆሯቸው ከበድ ስለሚል ሲናገሩ ይጮኻሉ። «ስመ ክርስትና?» ይላሉ። ታማሚው ጎንበስ ብሎ በሹክሹክታ ይነግራቸዋል። እሳቸው ለፈጣሪም ለሕዝብም በሚሰማ ድምፅ ይጠሩታል።

የታንጉ ተራ ደረሰ።

«ወለተ ጊዮርጊስ!»

ይስማው ክው አለ።

«ልጅህን ወለተ ጊዮርጊስን ማርልን!»

«አሜን!» አለ ወረፋው በሙሉ። ከመጠለያው የመጡት አሉ፣ የአንኮበር ሰዎች አሉ። ይህን ስም ስንት ጊዜ ሰምተውት ይሆን? ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ከረገጠ ዘመን ያለፈው ይስማው ምስጢር ነው ያለውን ስም፣ እዚህ በየጠዋቱ ሰው ሁሉ እየሰማ አሜን ይልበታል። እንዲህ ያለ ጅል ሰላይ የለም ብሎ ራሱን ረገመ።

ስልኩን አወጣ።

«ዋርካ፣ አቁሚው። መሐላው ላይ ያለውን ስም ሰው ሁሉ ያውቀዋል።»



«እሺ። አይለቀቅም» አለች።

«ማይልኝ።»

«አንተ ትሙት።»

እፎይ አለ። እፎይታው ግን ከአንድ ትንፋሽ አላለፈም። ከወረፋው ጫፍ ከአንድ ስልክ ውስጥ በማሽን የጎረነነ ድምፅ ወጣ።

«እኔ ወለተ ጊዮርጊስ፣ ያየሁትን እንጂ የሰማሁትን ላልናገር…»

ስልኩን የያዘው ቡናማ ጃኬት ነበር።

ቅጂው ገና ጎሕ ሲቀድ ተለቆ ነበር። ሸዋወርቅ በይስማው ሞት ስትምል አገሩ ሁሉ ሰምቶታል። የጌታሁን ሰውም ስሙን ከስልኩ ሰምቶ፣ ስም ወደሚጠራበት ቦታ መጥቶ ቆሟል። ተፈናቃዩ ሁሉ ለጠበል እዚህ እንደሚመጣ ያውቃል። ስንዴ አበጣሪዎቹን በመልክም በዓለም ስማቸውም ያውቃቸዋል። የቀረው የትኛዋ እንደሆነች ማወቅ ብቻ ነበር።

«ጋሽ ጌታሁን፣ ለየናት» አለ በስልኩ። «ታንጉ ናት።»

ይስማው ሮጠ። ባናውን በእርጥብ ነጠላዋ ላይ ጣለላት፤ ክንዷን ያዘ።

«አትጠይቂኝ። ተከተይኝ።»

ቡናማ ጃኬት እጁን ብብቱ ውስጥ ከትቶ ሰልፉን ጥሶ መጣ። አባ ገብረአብ እግሩን አዩ።

«ጫማህን ሳታወልቅ! ጠበሉን ረገጠው!»

ባልዲውን ፊቱ ላይ ደፉበት። ወረፋው ሁሉ ተነቃነቀ፤ በሽተኛው በምርኩዙ፣ እናቶች በእጃቸው ያዙት። ይስማውና ታንጉ ጉሙ ውስጥ ገቡ።

የተሳፈሩበት በግ የጫነ መኪና ደብረ ብርሃንን አልፎ፣ የጣርማ በርን ዋሻ ሲቃረብ ታንጉ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረች።

«ወዴት ነው የምትወስደኝ?»

«ማንም ወደማያውቅሽ አገር።»

«እዚህስ ማን ያውቀኝ ነበር? ገና መለመዴ ነበር እኮ።» ነጠላዋን ጨመቀች። «የልጄን መቃብር እንኳን ሳልሰናበት።»

«አዲስ መታወቂያ ይወጣልሻል። አዲስ ስም።»

«ታንጉን ለውጠው፣ ግድ የለም። ወለተ ጊዮርጊስንስ ማን ይለውጠዋል? የትም ብሄድ ቄስ ፊት ስቀርብ ልዋሽ ነው? ብሞትስ በማን ስም ይፈቱኛል?»

መኪናው ዋሻው ውስጥ ገባ።  በጨለማው ውስጥ እሷ ስታለቅስ ይሰማው ነበር፤ እሱም አለቀሰ፣ እንዳትሰማው ጥርሱን ነክሶ።

ቅጂው አገር ካዳረሰ በኋላ መጋዘኑ ተከፈተ። ጌታሁን በካቴና ወጣ። ስንዴው ለየቤተሰቡ ሲታደል «ታንጉ!» ብለው ደጋግመው ተጣሩ። አቤት የሚል ጠፋ፤ ጀሪካኗን ጎረቤቷ ወሰደችላት።

«ግዳጁ ተፈጽሟል» አለች ሸዋወርቅ በስልክ። «ሕፃናቱ ጠግበው አደሩ። ብዘገይ ኖሮ ካርዱን ይነጥቁን ነበር።»

«በሞቴ ምለሽ ዋሸሽኝ።»

«ዋሽቻለሁ። ለአንዲት ሴት ብዬ ያን ሁሉ ሰው ላስርብ?»

«እሱን መምረጥ የሷ ፋንታ ነበር። ያንቺም የኔም አልነበረም።»



«ስሙን ሳትቆርጥ የተውከው አንተ ነህ፣ ይስማው» አለች በለሰለሰ ድምፅ።

ስልኩን ዘጋው። ሲም ካርዱን ሰብሮ ጣለ፤ በግ በግ የሚሸተውን ካፖርት ለአንድ ለማኝ ሰጠ። ይስማው የሚባል ሱፍ ነጋዴ ከዚያ ቀን ወዲህ ደብረ ብርሃን ገበያ አልታየም።

ከወራት በኋላ፣ በሌላ ከተማና በሌላ ስም፣ ዘመን ሙሉ ሲያልፈው የኖረውን የቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ረገጠ። አንድ ሽማግሌ ቄስ ጠጋ አሉት።

«ልጄ፣ የከፋህ ትመስላለህ። ስመ ክርስትናህን ንገረኝና በጸሎት ላስብህ።»

ለራሱ አልነበረም የመጣው፣ ለታንጉ እንጂ። የሷ ስም አፉ ድረስ መጣ። አጠገባቸው ሰው ቆሟል፤ ቄሱ ስም ሲጠሩ ድምፃቸውን ከፍ እንደሚያደርጉ ያውቃል።

ዋጠው።

«ይቅር፣ አባ» አለና ከሚወጣው ሰው ጋር ተቀላቀለ።