የተልባ ዘይት የቀባሁት የክሪኬት ዱላ

ይህን ልጻፈው ወይስ ልተወው እያልሁ ብዙ አመነታሁ፣ ሲጠቃለል የአንድ ሱቅ ማስታወቂያ፣ የአንድ እንጨትና የሁለት ልጃገረዶች ወሬ ነው፣ ሰው ጊዜውን ሰጥቶ ሊያነበው የሚገባ መሆኑን እስካሁን እርግጠኛ አይደለሁም። ግን ለማን እንደምነግረው ስለጠፋኝ ለእናንተ ልንገራችሁ፣ ካልመሰላችሁ ትተዉታላችሁ።

ደግሞ እወቁልኝ፣ እኔ እንዲህ ባለ ነገር የማምን ሰው አልነበርሁም። ጅን መኖሩን ከቁርአን ተምሬያለሁ፣ ያንን አልክድም፣ ግን ጅን በሱቅ ዕቃ ላይ ተቀምጦ ይውላል ቢሉኝ እስቅ ነበር፣ ወረታ አባቴ ቤት ሳለሁ ሴቶቹ ተሰብስበው እንዲህ ያለውን ሲያወሩና በሩ ሲንቋቋ ሁሉም ሲደነግጥ፣ "ነፋስ ነው" ብዬ ተነሥቼ የምዘጋው እኔ ነበርሁ።

ዩኒቨርሲቲ የደረሰኝ ባሕር ዳር ነው፣ አባቴ "ከዘመድ ቤት ሁኚ" ስላለኝ ሹም አቦ ሰፈር ካለው ከአጎቴ ከሰይድ ቤት ገባሁ። አጎቴ የስፖርት ዕቃ ሱቅ አላቸው፣ ኳስ፣ ማልያ፣ ታኬታ፣ ፊሽካና ዋንጫ ይሸጣሉ። ሱቁን የምትይዘው እኩያዬ የሆነችው ልጃቸው ሪሐና ናት። ስለ ሪሐና አንድ ነገር ብቻ ልበልና ልለፍ፣ ቆንጆ ናት፣ ካልሲ ሊገዛ የገባ ሰው ሳያስበው ኳስ ገዝቶ የሚወጣባት ዓይነት ቆንጆ ናት፣ እኔ ደግሞ በሰፈሩ "ያች ከሪሐና ጋር የምትኖረዋ" ነኝ፣ ስሜ ሐያት መሆኑን የሚያውቅ ጥቂት ነው።

በግቢው ሰርቪስ ቤት ለዓመታት ተከራይተው የኖሩ ሕንዳዊ መምህር ነበሩ። እኔ በመጣሁ ሰሞን ወደ አገራቸው ሲመለሱ ሻንጣቸው ስለከበደባቸው ሁለት ነገር ለአጎቴ ትተው ሄዱ፣ አንድ አሮጌ የክሪኬት ዱላና አንድ በመስታወት የታሰረ የጋዜጣ ቁራጭ። ክሪኬት የማታውቁ ካላችሁ፣ የተወረወረ ጠንካራ የቆዳ ኳስ በዱላ የሚመታበት የእንግሊዞችና የሕንዶች ጨዋታ ነው፣ ዱላው ፊቱ ጠፍጣፋ፣ ጀርባው እብጥ ያለ ስለሆነ ሱቅ የገባ ሁሉ "ይህ የታንኳ መቅዘፊያ እንዴት እዚህ ገባ?" ይል ነበር።

የጋዜጣው ቁራጭ የቪክቶሪያ ዘመን በሚባለው ጊዜ እንግሊዝ አገር የወጣ የስፖርት ዕቃ ማስታወቂያ ነው፣ የመምህሩ ቅድመ አያት እነዚህን ዱላዎች ወደ ሕንድ ያስመጡ ነበር አሉ። መሃሉ ላይ አንድ ሪዛም ሰውዬ ነጭ በነጭ ለብሶ፣ ባለ መስመር ቆብ አድርጎ፣ ዱላውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ቆሟል። ዙሪያውን ሁሉ ፊደል ነው፣ ወፍራም፣ ቀጭን፣ የተጠማዘዘ፣ ኳሱን፣ ጓንቱን፣ የቅልጥም መከላከያውን እያወደሰ ጣት የምታሳርፉበት ባዶ ቦታ አላስቀረም፣ ከታች ደግሞ "ከአስመሳዮች ተጠንቀቁ፣ ማኅተማችን የሌለበት ዱላ የእኛ አይደለም" ይላል። እኔ ወደፊት ማርኬቲንግ መማር ስለምፈልግ በጣም ወደድሁት፣ ያኔ ሁሉም የሌላውን ዕቃ እየቀዳ ስለሚሸጥ ነጋዴዎቹ በማኅተምና በታዋቂ ተጫዋች ፊት ይፎካከሩ እንደነበር አንብቤ ለአጎቴ አስረዳሁ።

መምህሩ ከመሄዳቸው በፊት የዱላውን እንክብካቤ ለእኔ አደራ ሰጥተው "ጥሬ የተልባ ዘይት በስሱ ቀቢው፣ አለዚያ ይሰነጠቃል" አሉኝ፣ እኔም ተልባ ገዝቼ ለአጎቴ ባለቤት ለእትዬ ዘይነብ ሰጠኋቸው። እሳቸው እንደ ወትሮው ቆሉት፣ ወቀጡት፣ በሙቅ ውኃ እያሹ እንደ ኑግ ዘይቱን አወጡልኝ። መምህሩ "ጥሬ" ብለውኝ እንደነበር ያስታወስሁት ቆይቼ ነው፣ ግን ፍረዱኝ፣ በእኛ ቤት ተልባ ሳይቆላ ለምንም ነገር ሲውል አይቼ አላውቅም። ዱላው ያን የተቆላ ዘይት ጠጥቶ የረመዳን ማፍጠሪያ ሸተተ።

ድምፁ የጀመረው በዚያው ቀን ነው። ዱላውን ሳሎን ግድግዳ ላይ አስደግፌ ዞር ስል "ጧ" አለ፣ ወላሂ ነው የምላችሁ፣ ጮክ ያለ አይደለም፣ አጭርና ደረቅ፣ ጥሩ እንጨት ጠንካራ ቆዳ ሲመታ የሚሰጠው ድምፅ። ድመት ነው አልሁ፣ ከዚያ ጣራ ነው አልሁ፣ ከዚያ የጎረቤት ልጆች ናቸው አልሁ። ደጋግሞ ሲመጣ ግን አንድ ነገር አስተዋልሁ፣ የሚሰማው ሪሐና ወደ ሳሎን ስትገባ ብቻ ነው። እኔ ብቻዬን አጠገቡ ተቀምጬ ሳጠና ምንም አይልም።

"እስኪ ውጪና ተመለሽ" አልኋት አንድ ቀን።

ወጣች፣ ዝም አለ። ተመለሰች፣ "ጧ"።

እሷ አልፈራችም፣ ሳቀች እንጂ። "አየሽ አይደል፣ ዘይት የምትቀቢው አንቺ፣ የሚወደው እኔን።"

"እንጨት ምን ይወዳል?"

"ቀናሽ እንዴ?"

"በእንጨት?"

"በእንጨትም ይቀናል እኮ፣ ሐያት። ፊትሽ እየነገረኝ ነው።"

የማላውቀው ነገር ቤታችን መግባቱ ሊያስጨንቀኝ ሲገባ ያስጨነቀኝ እሷን መምረጡ ነበር።

በዚህ መሃል አጎቴ ለሱቁ አዲስ ማስታወቂያ ሊያሠሩ አሰቡ፣ እኔም እንደዚያ እንደ ድሮው ይሁን ብዬ ለመንኋቸው፣ ሳምንት ሙሉ ተቀምጬ ጽሑፉን በየዓይነቱ ፊደል ሣልሁ፣ "ከአስመሳይ ተጠንቀቁ" የሚለውን እንኳ አልተውሁም። ዱላውን ይዞ መሃል የሚቆመው ሰው ማን እንደሆነ አልተነጋገርንም፣ ግን ሐሳቡ የእኔ ነው፣ ዱላውን የምንከባከበው እኔ ነኝ፣ በአንድ ነገር እንኳ እኔ ልታይ ብዬ ነጭ ሸሚዝ አጥቤ ተኩሼ አዘጋጅቼ ነበር። በከተማው መሃል ሰው ሁሉ እያየኝ ሲያልፍ በሐሳቤ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ መሰላችሁ።

አጎቴ ወረቀቱን አይተው "ማሻአላህ፣ እጅሽ ይባረክ" አሉኝ። "ምስሉ ላይ ሪሐና ትቁም።"

"እኔ አስቤ የነበረው..." አልሁ።

"ልጄ፣ ሰው የሚያየው ፊት ነው። አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ ይገባሻል።"

ነጭ ሸሚዙን ሪሐና ለበሰችው። በልኳ ሆነ።

ፎቶው የተነሣው ሐይቁ ዳር ነው፣ ፀሐይ ልትገባ ስትል፣ እዚያው ለጎብኚ ፎቶ የሚያነሣ ዳኛቸው የሚባል ሰው ነው ያነሣት። የእኔ ሥራ የድሮውን ማስታወቂያ ከፍ አድርጌ መያዝ ነበር፣ ሪሐና እያየች እንደ ሰውዬው እንድትቆም። ማንም አላስተማራትም፣ ግን ዱላውን ትከሻዋ ላይ ስታደርግ እጇ የያዘበት፣ አንገቷን ያዘነበለችበት ሁሉ ትክክል እንደ ሰውዬው ሆነ። ያኔ ውኃው ዳር ከበቀለው ረጅም የደንገል ሣር ውስጥ ጭብጨባ ሰማሁ፣ የብዙ ሰው አይደለም፣ የጥቂት ሰው፣ ጓንት ባጠለቀ እጅ እንደሚጨበጨብ ለስለስ ያለ።

ዳኛቸው ካሜራውን አወረደ። "ማነው የሚያጨበጭበው?"

ማንም አልነበረም፣ ደንገል የጫኑ አንድ ሽማግሌ ብቻ ታንኳቸውን ወደ ዳር እያስጠጉ ነበር። እሳቸው ቀዘፋቸውን አቁመው ተጣሩ፤

"ልጆች፣ ያ ከልጅቱ ኋላ ውኃ ውስጥ የቆመው ነጭ ለባሽ የእናንተ ሰው ነው? ውጣ በሉት፣ እዚህ ጉማሬ ይመላለሳል።"

"አባቴ፣ ማንም የለም እኮ" አለ ዳኛቸው።

"አለ እንጂ። ሪዛም ነው፣ እንግዳ አገር ሰው ነው መሰል፣ ሰላም ብለው አልመለሰልኝም።"

እኔ የያዝሁትን መስታወት ዞር አድርጌ አየሁ። እዚህ ላይ መጠንቀቅ እፈልጋለሁ፣ የፀሐዩ ነጸብራቅ መስታወቱ ላይ ነበር፣ ዓይኔም ደክሞ ሊሆን ይችላል፣ ግን ያየሁትን ልናገር፣ ፊደሉ ሁሉ በቦታው ነበር፣ ኳሱ፣ ጓንቱ፣ ማስጠንቀቂያው፣ መሃሉ ግን ባዶ ወረቀት ነበር። ቀና ብዬ ሪሐናን አየሁ፣ መልሼ ወረቀቱን አየሁ፣ ሰውዬው በቦታው ቆሟል።

ፎቶዎቹ ሲወጡ ሪሐና ብቻዋን ናት። ግን በሁሉም ላይ ወደ ግራዋ እያየች ፈገግ ብላለች።

"ማንን እያየሽ ነው?" አልኋት።

"አንቺን ነዋ።"

እኔ የቆምሁት በቀኟ በኩል ነበር። እሷም ታውቃለች።

ማስታወቂያው ሱቁ ላይ ተሰቀለ፣ ሰው እየቆመ አየው፣ ሳምንት ሙሉ የደከምሁበትን ጽሑፍ ግን ሲያነብ ያየሁት አንድ ሰው የለም። ቤት ውስጥ ደግሞ "ጧ" ማለቱ ወደ ሪሐና ክፍል ተሻገረ፣ ዱላው ሳሎን እያለ ከእሷ በር ኋላ ይሰማል፣ ተከትሎትም ያ ለስላሳ ጭብጨባ። አንድ ቀን መግሪብ ላይ አጎቴ ራሳቸው ሰሙት። ሶላታቸውን ጨርሰው "የሰው ዕቃ ለባለቤቱ ይመለስ" አሉ፣ የመምህሩ የሥራ ባልደረባ ሐሙስ ወደ ሕንድ ስለሚሄዱ ዱላውም ማስታወቂያውም አብሮ እንዲሄድ ወሰኑ።

ረቡዕ ሲመሽ ዱላውን ይዤ ብቻዬን ሐይቁ ዳር ሄድሁ። ለምን እንደሄድሁ አትጠይቁኝ፣ ሊሄድ ነው፣ አንድ ጊዜ እንኳ ለእኔ ይሰማ እንደሆነ ብዬ ነው መሰለኝ። ሪሐና የቆመችበት ቆምሁ፣ ዱላውን ትከሻዬ ላይ አደረግሁ፣ አንገቴን አዘነበልሁ። ውኃው ዝም አለ፣ ደንገሉ ዝም አለ። ክንዴ እስኪዝል ቆምሁ።

እነዚያ ሽማግሌ በታንኳቸው መጡ። "ዛሬ ያች ጓደኛሽ የለችም?" አሉኝ።

"ቤት ናት፣ አባቴ።"

"እንግዲያው ወደ እሷ መሄዱ ነው። አሁን ከውኃው ወጥቶ በአጠገብሽ አለፈ እኮ፣ አላየሽውም?"

"አላየሁም።"

"ቀሚስሽን ሊነካሽ ምንም አልቀረው። ዘወር ብሎ እንኳ አላየሽም፣ እኔን ራሴን ገረመኝ፣ ሰው በሰው አጠገብ ሲያልፍ ሰላም ይላል።"

ሮጥሁ፣ ግን እመኑኝ፣ በፍርሃት ብቻ አልነበረም። "ምን ጎደለኝ?" እያልሁ ነው እስከ ሹም አቦ የሮጥሁት፣ የተቆላው ተልባ እጄን አሽትቶት ይሆን፣ ጥሬውን ብቀባው ኖሮ ወደ እኔ ያይ ነበር ወይ እያልሁ፣ እንደዚያ እያሰብሁ ነው የሮጥሁት። የግቢው በር ክፍት ነበር። ሲሚንቶው ላይ ከበሩ እስከ ሪሐና ክፍል ድረስ የረጠበ የትልቅ ጫማ ዱካ አለ፣ የሚገባ ብቻ፣ የሚወጣ የለም። ሪሐና ክፍሏ ደፍ ላይ ተቀምጣ ሻሿን እያስተካከለች ነበር።

"ማን መጣ?" አልኋት።

"ማንም።"

"ዱካው የማነው?"

"ውኃ ፈሶ ነው፣ ሐያት። ግቢ፣ ራትሽ ቀዝቅዟል" አለችና በእግሯ አበሰችው፣ ቀስ ብላ፣ ሰው እንዲጠፋበት የማይፈልገውን ነገር እንደሚያብስ።

በማግሥቱ የመምህሩ ባልደረባ መጥተው ዱላውንና ማስታወቂያውን ወሰዱ። አጎቴ አልሐምዱሊላህ ብለው ግቢውን አሳጠቡ፣ እትዬ ዘይነብ ሰደቃ አወጡ፣ ቤቱ ጸጥ አለ፣ ሁሉም አለቀ አለ። ከዚያ ወዲህ ሪሐናን ሊያጩ የመጡ ሰዎች ነበሩ፣ መልካም ቤተሰብ ነው፣ አልፈልግም ብላ መለሰቻቸው፣ ምክንያቷን አልተናገረችም። ፀሐይ ልትገባ ስትል ሱቁን ዘግታ ትመጣና ክፍሏ ገብታ አንገቷን ወደ ግራ አዘንብላ ትቀመጣለች፣ ፎቶው ላይ ባለው ፈገግታ። ምን እንደምትሰማ ስጠይቃት "ምንም" ትለኛለች። እኔ ደግሞ ደብተሬን ዘርግቼ የማጠና መስዬ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ አደርጋለሁ፣ ከወዲያ የሚመጣ ነገር የለም።

ለእኔ ድምፁ የቆመው ሐሙስ፣ ግንቦት 18 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው።