ዳኛው ባሌን አላወቀውም

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ በዓይኔ ያየሁትን፣ በካሜራዬ ያነሳሁትን ነው የምነግራችሁ። "አበደች" የሚል ካለ ይምጣና እዚያ ግቢ አንድ ቀን ይዋልበት።

ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ነበር። ወሩ መስከረም። አውስትራሊያ ውስጥ፣ ከቤንዲጎ ከተማ ወጣ ብሎ ባለው ቤታችን፣ የኋላ በረንዳ ላይ ካሜራዬን ይዤ ተቀምጫለሁ።

ባሌ ራስል በዋዜማው ማታ ከሥራ ተመልሶ ነበር። ምዕራብ፣ በረሃ ውስጥ፣ ማዕድን ማውጫ ነው የሚሠራው። ለሳምንታት ይሄዳል፣ በአውሮፕላን ይመጣል፣ ደግሞ ይሄዳል።

እኔንና እሱን ያፋቀረን ወፍ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ግቢያችን የማይመጣ የወፍ ዓይነት የለም። እሱ ያሳየኛል፣ እኔ አነሳለሁ። የሁሉም አለቃ ግን ዳኛው ነው።

ዳኛው ማግፓይ የሚባል ጥቁርና ነጭ ወፍ ነው። ስሙን ያወጣለት ራስል ነው፤ አጥር ላይ ቆሞ ሰዉን ሁሉ ሲገላምጥ ስለሚውል። ማግፓይ በመስከረም፣ ጫጩት ባለው ወቅት፣ ቀልድ አያውቅም። የማያውቀውን ሰው ከኋላ መጥቶ አናቱን ይለዋል። አንዴ ያወቀውን ፊት ግን አይረሳም። ዳኛው ደግሞ ለዓመታት ከራስል እጅ የተፈጨ ሥጋ ሲበላ ኖሯል። ከእኔ እጅ እንኳን በልቶ አያውቅም፣ ስንት ኪሎ ሥጋ ይዤ ለምኜው!

ያን ጠዋት ራስል ሥጋውን ይዞ ወጣ።

ዳኛው ከባሕር ዛፉ ላይ ሆኖ አየው...

ከዚያ ቁልቁል ተወርውሮ መጣና ጆሮውን አደማው።

"ምን ሆኗል ይሄ ወፍ?" አለ ራስል ጆሮውን ይዞ።

ሳቅኩበት። "ጺምህን ሙልጭ አድርገህ ተላጭተህ መጥተህ በምን ይወቅህ?"

"አዎ፣ ጺሙ ነው" አለ ቶሎ ብሎ። "እሱ ነው። ጺሙ ነው።"

ቶሎ ማለቱ... ትንሽ ከነከነኝ።

ጎረቤታችን ግሌንዳ አጥሩ ላይ ተደግፋ በሳቅ ልትሞት ነው። "አንተ ራስል! እንደ ፖስተኛው የአይስክሬም ባልዲ ጭንቅላትህ ላይ ድፋ እንጂ! ከኋላው ዓይን ሳልበት፣ የምታየው መስሎት ይተውሃል!"

እሱ አልሳቀም። ድሮ ቢሆን እሷን የሚያበሽቅበት መልስ ያጣል? አሁን ግን አተኩሮ አያት። ማን እንደሆነች ለማስታወስ የሚሞክር ይመስል ነበር።

በማግስቱ የድሮ ኮፍያውን አድርጎ ወጣ። ዳኛው መታው።

ጺሙ ማደግ ጀመረ። ዳኛው አሁንም መታው።

እኔን አይነካኝም። ግሌንዳን አይነካትም። ጋዝ የሚያመጣልንን ሰውዬ እንኳን ለምዶታል።

አንድ ቀን ልብስ ሳሰጣ ግሌንዳ ወደ አጥሩ ጠራችኝ። ሳቋ የለም።

"ኖሪን... አንድ ነገር ልበልሽ፣ አትቆጪኝም?"

"በይ።"

"አምና ራስል ታሞ ጸጉሩ፣ ቅንድቡ ሳይቀር ሲረግፍ... ያ ወፍ አውቆት ነበር። ከእጁ ሲበላ አይቻለሁ።"

"እና?"

"እናማ፣ ጺም ነው አትበይኝ።"

"ምን ልትዪ ነው ታዲያ?" አልኳት፣ ደሜ ፈልቶ። "ባልሽ አይደለም ልትዪኝ ነው?"

ዓይኗ ከትከሻዬ በላይ ያያል።

ዞር አልኩ። ራስል ወጥ ቤቱ መስኮት ላይ ቆሞ ያየናል።

ያን ቀን እሱ ከመጣ ወዲህ ያነሳኋቸውን ፎቶዎች ኮምፒውተር ላይ ከፈትኩ። በቀቀኖቹ... ርግቦቹ... ጩኸቱ የሰው ሳቅ የሚመስለው ኩካቡራ... አንድም ሳይቀር ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ያያሉ።

ወደ መኝታ ቤታችን መስኮት።

እራት ላይ ራስል እንደ ዋዛ፣ "ያ የሚስቀው ወፍ ዛሬም መጥቶ ነበር" አለኝ።

የሚስቀው ወፍ! አንዱን ወፍ በሌላው ስም ስጠራ ቡራ ከረዩ የሚለው ራስል፣ ኩካቡራን "የሚስቀው ወፍ"!

እስቲ አስቡት፤ ዕድሜዬን የሰጠሁትን ሰው ባሌ ነው ወይስ አይደለም ብዬ ስጠራጠር። ፈራሁ። በራሴም አፈርኩ። ያን ሌሊት አልጋው ጠርዝ ላይ፣ ልብሴን ሳላወልቅ ነው ያደርኩት።

ሲነጋ እሱ ሻወር ገባ። እኔ ካሜራዬን አንስቼ ወጣሁ።

ዳኛው ዛፉ ላይ የለም።

ዜማውን ግን ሰማሁት፤ ሲደሰት የሚያዜመውን። ከታች፣ ከደረቀው ወንዝ በኩል ነው የሚመጣው። ትልቁን ሌንስ ገጠምኩና ፈለግኩት።

አገኘሁት። ረጅሙ ሣር አጠገብ መሬት ላይ ቆሟል። ተረጋግቶ አንድ ነገር ይለቅማል። ምን እንደሚበላ ለማየት በሌንሱ አቀረብኩት...

ከእጅ ነው የሚበላው።

ከሣሩ ውስጥ የተዘረጋ የወንድ እጅ። ፊት የለ፣ ትከሻ የለ... እጅ ብቻ። እስከ ክንዱ ድረስ ቀይ አፈር ለብሷል። የእኛ ወንዝ ዳር አፈሩ ጥቁር ነው። ይሄን ቀይ አፈር ግን አውቀዋለሁ፤ ከራስል የሥራ ልብስ ላይ ስንት ጊዜ ፈትጌ አጥቤዋለሁ።

ሳላስበው ጣቴ ቁልፉን ተጫነው። ካሜራው ቀጭ አለ።

"ራስል..." አልኩ፣ ለራሴም በማይሰማ ድምፅ።

ወፉ አልበረረም። እጁ ግን መብል መስጠቱን አቆመ። ቀስ ብሎ ተገለበጠና መዳፉን ወደ መሬት አድርጎ ዝቅ... ዝቅ አደረገው። እንዳትንቀሳቀሺ የሚለኝ ይመስል።

ከኋላዬ፣ ቤት ውስጥ፣ የሻወሩ ውሃ ተዘጋ።