አስራ ሁለቱ ጥቁር ሳህኖች

የሟቹ አውራ ጣት ጥቁር ነበር።

ናምጉንግ ቾል የሶዳም የጥበብና የከፍተኛ ትምህርት ፋውንዴሽን ዳይሬክተር ነበር። ማክሰኞ ከቀኑ አስር ሰዓት ተኩል ላይ፣ ከምድር በታች ባለው የቅብ ክፍል ወለል ላይ በጀርባው ተዘርግቶ ተገኘ። ማጅራቱ ከድንጋይ ደረጃው ጠርዝ ጋር ተጋጭቷል። ልብሱ አልተቀደደም፤ ኪሱም አልተነካም። የቀኝ እጁ አውራ ጣት ብቻ በሚያብረቀርቅ ጥቁር ሙጫ ተለብጧል።

ፖሊሶቹ ሁሉ አይተው አለፉት። ክፍሉ የኦት ክፍል ነው። ኦት ከዛፍ የሚደማ ሙጫ ነው፤ የእንጨት ዕቃ ይቀባበታል፤ የነካውን ሁሉ ያጠቁራል፤ ያልለመደውን ሰው ቆዳ ደግሞ ሽፍታ ያስወጣል። መርማሪ ታክ ሚጆንግ ግን ጣቱን በማስታወሻዋ ላይ ጻፈችው።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ከሳጅን ባንግ ጋር ወደ ፋውንዴሽኑ ተመለሰች። በሴኡል ዝናብ ይዘንብ ነበር። ባንግ ጃንጥላውን እያራገፈ አጉረመረመ።

«አለቃ፣ ገና ምን እንፈልጋለን? ጸሐፊዋ ቦራም ወደዚያ ክፍል ገብቼ አላውቅም አለች። እጇ ግን በኦት ሽፍታ ቀልቷል። ሟቹ ሰኞ ዕለት ውልሽ አይታደስም ብሏታል። አስከሬኑንም ከበሩ ላይ ሆና አይታ የጠራችን እሷ ናት። አቃቤ ሕጉ በአስራ ሁለት ሰዓት አምጧት ብሏል። ከዚህ በላይ ምን ይምጣ? ሟቹ ተነስቶ ይመስክር?»

«ልጅ አላት አይደል?»

«የስድስት ዓመት ሴት ልጅ። ብቻዋን ነው የምታሳድጋት።»

«የልጆች ማቆያው ስንት ሰዓት ይዘጋል?»

«ከምሽቱ አንድ ሰዓት። ለምን?»

ታክ ወደ መግቢያው አመራች። በሰዓቱ ያልተወሰደ ልጅ ምን እንደሚሆን ታውቃለች። ጫማውን አድርጎ፣ ቦርሳውን አዝሎ በር ላይ ይቀመጣል። ከኋላው መብራቶቹ አንድ በአንድ ይጠፋሉ። ከዚያ የማያውቀው ሰው መጥቶ ወደማያውቀው ቤት ይወስደዋል።

ዮ ቦራም ጠረጴዛዋ ላይ ነበረች። ነጭ የጥጥ ጓንት አድርጋለች። ፊቷ ላይ ፍርሃትም ሐዘንም አይታይም፤ ሦስት ቀን ሙሉ ያልተኛ ሰው ፊት ነበር።

«ለምን ዋሸሽ?» አለቻት ታክ፣ ወንበር ስባ እየተቀመጠች። «እጅሽ እንደገባሽ ይናገራል።»

ቦራም ጓንቷን ተመለከተች። «እሑድ ገብቻለሁ።»

«ምን ልታደርጊ?»

«ዳይሬክተሩ ዕቃውን ሁሉ ፎቶ አንሺ አሉኝ። ቅዳሜ መኪና መጥቶ ዕቃውን ሊያወጣ ነበር። የቅብ ትምህርት ክፍሉ እንዲዘጋ ተወስኗል። የክፍሉ አስተማሪ ለሆኑት ለመምህር ማ እንዳትነግሪ አሉኝ።»

«ለእኛስ ለምን አልነገርሽንም?»

«ስትጠይቁኝ መምህር ማ አጠገቤ ቆመው ነበር። ለልጄ የእንጨት ማንኪያ የሠሩላት እሳቸው ናቸው። ዓይናቸው እያየ እንዴት ልበል?» ጓንቷን አስተካከለች። «ዛሬ ትወስዱኛላችሁ? የምጠይቀው ለልጄ የሚመጣላት ሰው ስለሌለ ነው።»

ድምፅዋ የአውቶቡስ ሰዓት የምትጠይቅ ይመስል ነበር።

የጥበባት ዲኗ ፒዮ ሂክዮንግ ከክፍሏ ደጃፍ ሳትንቀሳቀስ ተቀበለቻቸው። ሸሚዟ ላይ የቀለም ጠብታ አለ።

«ከናምጉንግ ጋር ተጣልታችኋል ይባላል» አለች ታክ።

«ማን ያልተጣላው አለ? የአሳንሰሩ በር እንኳ ሲያየው ቶሎ ይዘጋ ነበር።» አልሳቀችም። «እኔን ከጠረጠራችሁ ግን ፊቴን እዩት። እዚያ ክፍል ከገባሁ እንደ ዱባ ያብጣል። ከገባሁ አስራ አንድ ዓመቴ ነው።»

«ወዲያው ነው የሚያብጠው?»

«ወዲያው ቢሆን ደግ ነበር። ተንኮለኛ ነገር ነው። ዕለቱን ምንም አይልም፤ በማግስቱ ወይ በሁለተኛው ቀን ነው የሚነሳው።»

ታክ የሴትየዋን ፊት አየች። ከማክሰኞ ወዲህ ሦስት ቀን አልፏል፤ ቆዳዋ ንጹሕ ነው።

መተላለፊያው ላይ ቆማ ወደ ልጆች ማቆያው ደወለች። የስልኩ ንግግር አጭር ነበር። ከዚያ ወደ ምድር ቤት ወረደች።

መምህር ማ ግዋንግሶክ ትልቁን የእንጨት ቁም ሳጥን ከፍተው ውስጡ የተሰቀለውን ጨርቅ በውኃ ያርሱ ነበር። ስልሳ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ ሰላሳ አንዱን ያሳለፉት በዚህ ክፍል ነው። ክፍሉ ቢታሸግም ጨርቁን በቀን አንድ ጊዜ እንዲያርሱ ፖሊስ ፈቅዶላቸዋል።

«ውኃው ለምንድን ነው?» አለች ታክ።

«ኦት እንደ ሌላው ቀለም አይደለም። በደረቅ አየር አይደርቅም፤ እርጥበት ይፈልጋል።»

በቁም ሳጥኑ መደርደሪያ ላይ አስራ ሁለት ጥቁር ሳህኖች ነበሩ።

«የማን ናቸው?»

«የኢም ሶራ። የቀረችን ተማሪ እሷ ብቻ ናት። ማክሰኞ ጠዋት የመጨረሻውን ቅብ ቀብታ፣ እናቷ ታማባት ወደ ቶንግዮንግ ሄደች። ሰኞ የመመረቂያ ፈተናዋ ነው።»

«እርጥብ ሳሉ ሰው ቢነካቸውስ?»

«ምልክቱ ይቀራል። ወዲያው ካልተስተካከለ ተፍቆ እንደገና ይጀመራል። ወር ይፈጃል።»

«ማክሰኞ ከሰዓት የት ነበሩ?»

«ብሩሽ ሠሪው ዘንድ። ከሰባት እስከ አስራ አንድ ሰዓት።»

ታክ የእጅ ባትሪዋን አብርታ ሳህኖቹን ተራ በተራ አየቻቸው። የራሷን ፊት አስራ ሁለት ጊዜ አየች። አንዱም ላይ ጉድፍ የለም።

አስራ አንድ ሰዓት ላይ ሁሉም በስብሰባው አዳራሽ ተቀመጡ። ባንግ በሩ ላይ ቆመ። የሟቹ ወንበር ባዶ ነው፤ የውኃ ብርጭቆው ግን ማንም ስላላነሳው እዚያው አለ። በሦስት ቀን ውስጥ በዚህ ሕንጻ ያለቀሰ ሰው አልነበረም።

«በሽፍታው እንጀምር» አለች ታክ። «ቦራም በክፍሉ ውስጥ እንደነበረች ያሳያል። መቼ? ሽፍታው ቀን ቆይቶ እንደሚነሳ ዲኗ ነግረውኛል። የማቆያው አስተማሪ ደግሞ ማክሰኞ ጠዋት ቦራም የልጇን እጅ ሳይሆን የልጅቷን ኮት እጅጌ ይዛ እንደመጣች ታስታውሳለች። ጓንት አድርጋ ነበር። ስለዚህ ሽፍታው ናምጉንግ ከመሞቱ በፊት ወጥቷል። የእሑድ ነው።»

«ይጋባባታል ብዬ ነው» አለች ቦራም፣ ለማንም ሳይሆን።

«ዲኗ ገብተው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ፊታቸውን እናየው ነበር። አሁን ወደ ሟቹ እንምጣ። አውራ ጣቱ ጥቁር ነው። ምን ነካ? የኦቱ ማሰሮ በወረቀት እንደተከደነ ነው። ብሩሾቹ ታጥበዋል። በክፍሉ ውስጥ እርጥብ የነበሩት ሳህኖቹ ብቻ ናቸው። ናምጉንግ አንዱን ሳህን በአውራ ጣቱ ተጭኗል።»

«ታዲያ?» አለች ፒዮ።

«ታዲያ ምልክቱ የታለ? አስራ ሁለቱም እንደ መስተዋት ናቸው። አንድ ሰው ሳህኑን አክሞታል። የነካው ሰው ወለሉ ላይ ወድቆ ሳለ፣ አንድ ሰው ብሩሽ አንስቶ ምልክቱን አጥፍቷል፤ ከዚያም ብሩሹን አጥቦ ወደ ቦታው መልሷል። ይህን ቦራም አታውቅበትም። ዲኗም አያውቁበትም። ሶራ ቶንግዮንግ ሆስፒታል ከእናቷ ጋር ነበረች። ብሩሽ ሠሪው ደግሞ ማክሰኞ ሱቁ ዝግ እንደነበር ለሳጅን ባንግ በስልክ ነግሮታል። መምህር ማ፣ ሳህኑን ትተው ቢወጡ ኖሮ አላገኝዎትም ነበር።»

ሽማግሌው እጆቻቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ። ጥፍሮቻቸው ለዘመናት የጠቆሩ ናቸው።

«‹ቅዳሜ መኪና ይመጣል› አለኝ» አሉ። «ሳህኖቹ ይፈተኑ፣ ሰኞ ድረስ ቆዩኝ አልኩት። ‹ደርቀው የለም እንዴ?› ብሎ ጣቱን ተከለበት። እጁን ገፋሁት። ከኋላው ደረጃ መኖሩን ረስቼ ነበር።»

«ሐኪሙ ከወደቀ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል በሕይወት ነበር ይላል።»

«ይተነፍስ ነበር» አሉ ማ። «ሰምቼዋለሁ። ሳህኑን ልጨርስና እጠራለሁ አልኩ። ኦት አይጠብቅም። ስጨርስ ድምፁ የለም።»

ባንግ ወደ መስኮቱ ዞረ።

«ከዚያስ? ሦስት ቀን?»

«እስኪደርቁ ነው። እኔ ከሄድኩ ጨርቁን የሚያርስ የለም። ዛሬ ደርቀዋል። ነገ ጠዋት ልመጣላችሁ ነበር።»

«ቦራም ዛሬ ልትወሰድ ነበር» አለች ታክ። «ልጇ ዛሬ ማቆያው በር ላይ ልትቀር ነበር።»

ማ ወደ ቦራም አዩ፤ ከዚያ በፊት እዚያ መቀመጧን ያላስተዋሉ ይመስሉ ነበር።

«ልጄ» አሉ። «እሱን አላሰብኩትም።»

ቦራም ቦርሳዋን አንስታ ከኋላቸው አለፈችና በሩ ዘንድ ስትደርስ ቆመች። «መሄድ እችላለሁ?»

«ሂጂ» አለቻት ታክ። «ቦራም፣ ሽፍታው ከሰው ወደ ሰው አይጋባም። ጓንቱን ማውለቅ ትችያለሽ።»

ቦራም ማቆያው ስትደርስ ለአንድ ሰዓት አስር ጉዳይ ነበር። ልጇ ሶል ጫማዋን አድርጋ፣ ቦርሳዋን አዝላ በር ላይ ተቀምጣለች። እናቷን ስታይ ተነሳች። የራሷን ኮት እጅጌ ጫፍ አስረዝማ ዘረጋችላት፤ በዚህ ሳምንት የለመደችው እንዲያ ነውና።

ቦራም ጓንቷን አውልቃ ኪሷ ከተተችው። እጅጌውን ወደ ላይ ሰብስባ ትንሿን እጅ ያዘች።

«እማ፣ እጅሽ ይሻክራል» አለች ሶል።

«አውቃለሁ» አለች። ዝናቡ ውስጥ ገቡ።