ድምፅ የማይገባበት ክፍል

በቴሌቪዥን ልጆችን የሚያስተምሩት አዛውንቱ መምህር ታኡአሎ በጣቢያው ስቱዲዮ ወለል ላይ በግንባራቸው ተደፍተው ተገኙ። ደም የነካው የካሜራ መቆሚያ ብረት ከጎናቸው ወድቋል። የወደቡ ሹማምንት በማግሥቱ ወጣቱን መምህር ኢዮሴፎን በካቴና አሰሩ፤ መርከብ እንደ መጣ ባሕር ማዶ ወደሚገኝ ወህኒ ሊጭኑት ቆርጠዋል። እናቱ በጸሎት ሰዓት ከጎኗ እንደ ነበረ ብትምልም «እናት ናት» ብለው አሰናበቷት።

ኢንስፔክተር ሳፓቱ ይህን ሲሰማ ፊቱ ጠቆረ።

አስተዋዋቂዋ ላንጊ እያለቀሰች የነገረችው ይህን ነው። ለማታ ጸሎት ወደ መንደር ስትወርድ ሽማግሌውንና ከባሕር ማዶ የመጣውን የቴሌቪዥን ትምህርቱን አዘጋጅ ሚስተር ኮይልን ስቱዲዮ ውስጥ ትታቸው ሄደች፤ ከጸሎት ስትመለስ ሽማግሌው ሞተዋል። በቱቱይላ ደሴት የቴሌቪዥኑ ሣጥን በየክፍሉ ሲያስተምር የየመንደሩ መምህራን የሣጥኑን ቁልፍ ከማዞር በቀር ሥራ ካጡ ሦስተኛ ዓመታቸው ነበር። ታኡአሎ በማግሥቱ በዚያው ሣጥን፣ በገዛ ቋንቋቸው፣ «ልጆቹን ለመምህሮቻቸው መልሱ» ሊሉ ወስነው ነበር። ኮይልም ይህን ሰምቷል።

ኢንስፔክተሩ እስረኛውን ጠየቀው።

«ከሟቹ ጋር ተጣልተሃል ይባላል።»

«ልጆቻችንን ለሣጥን ሸጡ ብያቸዋለሁ፣ አልክድም። ግን እኔ ቁልፍ አዟሪ ነኝ፣ አባባ። ቁልፍ አዟሪ ሲናደድ ሣጥኑን ያጠፋል እንጂ ሰው አያጠፋም።»

ኮይል በበኩሉ ረጋ ብሎ መለሰ። «ላንጊ እንደ ወጣች እኔም ወጣሁ። መንደሩን በመኪና ሳቋርጥ ኢዮሴፎ ወደዚህ ሲሮጥ አየሁት።»

«ፀሐይ ስትጠልቅ?»

«ልክ ስትጠልቅ።»

ሳፓቱ ሰዓቱን መዝግቦ ወጣ።

በማግሥቱ አመሻሽ ላይ ሹማምንቱን፣ ኮይልን፣ ላንጊን፣ እስረኛውንና ሁለት የመንደሩን ጎበዞች ስቱዲዮው ውስጥ ሰብስቦ ወፍራሙን በር ዘጋ።

«ምን ይሰማል?»

«ምንም» አለ ኮይል ፈገግ ብሎ። «ድምፅ እንዳይገባበት ነው የተሠራው።»

ኢንስፔክተሩ በሩን ከፈተው። ከመንደሩ የዛጎል መለከት ድምፅ እየተንከባለለ ገባ።

«ፀሐይ ስትጠልቅ ይህ ሲነፋ መንደሩ ቤቱ ገብቶ ይጸልያል። ጎበዞች መንገዱን ይዘጋሉ፤ እግረኛም መኪናም አያሳልፉም። ባለፈው ዓመት እኔንም ከነማዕረጌ አስቁመውኛል። ስቱዲዮው ደግሞ ባሕር ዳር ነው፤ ከዚያ መንገድ በቀር መግቢያ የለውም። እስቲ እናንተ ጎበዞች ተናገሩ፤ ያን ዕለት ተራው የእናንተ ነበር፤ ማን አለፈ?»

«ላንጊ መለከቱ ሳይነፋ ወደ መንደር ገባች» አለ አንደኛው ጎበዝ። «ከዚያ ወዲያ ውሻም አላለፈ። የሚስተር ኮይል መኪና የወረደችው ጸሎት አልቆ መንገዱን ከለቀቅን በኋላ ነው።»

«እንግዲህ ኢዮሴፎ ወደዚህ አልሮጠም» አለ ሳፓቱ ወደ ኮይል ዞሮ። «እርስዎም መንደሩን አላቋረጡም። ጸሎቱ እስኪያልቅ እዚሁ ከሽማግሌው ጋር ነበሩ። አመሻሹን ሁሉ በዚህ ግድግዳ ውስጥ ስላሳለፉ መለከቱን አያውቁትም። ሦስት ዓመት ሙሉ በየቤታችን ገብተው ተናገሩ፤ አንድ ምሽት ወጥተው ቢሰሙን ኖሮ የተሻለ ውሸት በዋሹ ነበር።»

የኮይል ከንፈር ነጣ። «ሥራዬን ሊያፈርሱብኝ ነበር» አለ።

ሹማምንቱ አንገታቸውን ደፉ። ሳፓቱ ካቴናውን ከኢዮሴፎ እጅ ፈታ። ኢዮሴፎ፣ ላንጊና ጎበዞቹ በወለሉ ላይ እግራቸውን አጥፈው ተቀመጡ፤ መዝሙሩንም ጀመሩ። አንዱ ሹም ኮይልን ሊይዝ እጁን ሲዘረጋ ኢንስፔክተሩ ከለከለው።

«ጸሎቱ ይለቅ። እስከዚያ ማንም አይንቀሳቀስም።»

ኮይል በስቱዲዮው መብራት ሥር ብቻውን ቆሞ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሰማቸው።